ተቀባዮቹ ዝም ያሉበት ዜማ

ሐሙስ ቀን ነበር፤ የዐስር ሰላት ተሰግዶ እንዳበቃ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ። ጅዳ ውስጥ ባለ አንድ የሠርግ አዳራሽ በሴቶች መግቢያ በኩል ቆሜ የጨርቅ ከረጢቶች ላይ ቁጥር እለጥፋለሁ። ሥራዬ ማታ የሚመጡትን እንግዶች ስልክ እየተቀበልኩ በከረጢት ማስቀመጥ ነው። እዚህ አገር ሴቶች ሠርግ አዳራሽ ሲገቡ ዓባያቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው እንደ ልባቸው ይጨፍራሉ። ከዚያ በር አንድ ምስል ወይም አንድ ድምፅ ቢወጣ የሠርጉ ባለቤቶች ስም ይጠፋል። ስለዚህ ስልክ አይገባም፤ ወንድም አይገባም።

ከውስጥ የድምፅ ማጉያው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ያፏጫል። መሣሪያውን የተከለው ሰውዬ ሴት ሠራተኞቹ መምጣት ስለጀመሩ ትቶት ወጥቷል። ረጅም፣ ጠይም፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉና መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ጮኹ።

«እናንተ ሰዎች! ኤሌክትሪክ የሚያውቅ የለም እዚህ ቤት?»

ሰው ፊት መናገር አልወድም። ፉጨቱ ግን አላስቻለኝም።

«እኔ... ትንሽ ተምሬያለሁ» አልኩ።

«ምን ተማርሽ?»

«የኤሌክትሪክ ምሕንድስና። አገር ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሳቁ። «ሱብሃነላህ! ሙሀንዲሳ በር ላይ ከረጢት ትቆጥራለች! ግቢ፣ ግቢ፣ ያላ!»

ነገሩ ቀላል ነበር። ማይክሮፎኑ ፊቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙሮ ቆሟል። አዞርኩት፤ ፉጨቱ ቆመ። ሴትዮዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ትንሽ ካሰቡ በኋላ፣ «በይ፣ ከረጢቱን ለሌላ ስጪ። አንቺ ከእኔ ጋር ነሽ» አሉኝ። ስማቸው ራውዳ ነው። ኻላ ራውዳ እንላቸዋለን፤ ኻላ እዚህ አክስት ማለት ነው።

ያ ሥራ አሁን የለም። ኻላ ራውዳ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው አቁመዋል። ሠርገኞችም ተቀድቶ የተዘጋጀ ዜማ ማስከፈት ለምደዋል። እኔ ጅዳ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ሒሳብና ሳይንስ አስጠናለሁ። በአማርኛ ስጠይቃቸው በዐረብኛ ይመልሱልኛል። ደጎች ናቸው፤ ሥራውም ደህና ነው። ግን ሐሙስ ሲደርስ፣ ዐስር ሲሰገድ፣ አንድ ቦታ መድረስ ያለብኝ ይመስለኛል። መሄጃ እንደሌለኝ እያወቅኩ ሰዓቴን አያለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ይመስለኛል።

ሳዑዲ የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን በቤት ሠራተኛነት ነው። ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፈልጌ ሲታክተኝ መጣሁ፤ ኦብሑር ባሕሩ ዳር ያለ ትልቅ ቪላ ውስጥ ገባሁ። ማዳሜ ክፉ አልነበረችም። ውሌ ሊያልቅ ሲቃረብ ሐሙስ ሐሙስ ለእህቷ አዳራሽ ታውሰኝ ነበር፤ በሩ ላይ የቆምኩት እንደዚያ ነው። ከጎረቤት ቪላ ሰዓዳ የምትባል የሐይቅ ልጅ ትሠራ ነበር። የእኔና የእሷ የወጥ ቤት መስኮቶች ፊት ለፊት ናቸው። ሰዓዳ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች። እኔ ቧንቧዬን ዘግቼ እሰማለሁ። በኋላ ስንተዋወቅ፣ «አንቺ ነሽ ለካ፣ ሁልጊዜ ውሃ የሚጠፋባት!» ብላ ሳቀችብኝ።

ውሌ ሲያልቅ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ወደ ኻላ ራውዳ ቤተሰብ ዞረ፤ እኔም መካ እሳቸው ቤት ገባሁ። የወረቀቱ ጣጣ ረጅም ነው፤ አልዘረዝረውም። ደሞዙም ከቀድሞው ብዙ አይበልጥም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በተማርኩት እሠራ ነበር።

ኻላ ራውዳ የተወለዱት መካ ነው፤ መንሱር ሰፈር። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ኻላ ግን አገሩን ረግጠውት አያውቁም። አማርኛቸው ከአባታቸው የቀረ ነው፤ እኛ የተውናቸው ቃላት እሳቸው አፍ ላይ አሉ። ለሴቶች ሠርግ ከበሮ ይመታሉ፣ ያዜማሉ፤ ከእሳቸው ጋር ሦስት ሴቶች ነበሩ። በዐረብኛም ያዜማሉ፣ የሐበሻ ሠርግ ከሆነ ደግሞ በአማርኛ።

መካ ላይ ደህና የነበረ ከበሮ ጅዳ ሲደርስ የባሕሩ እርጥበት ይገባውና ቆዳው ይላላል። ኻላ ቀለበታቸውን ያወልቃሉ፤ በፀጉር ማድረቂያ ያሞቁታል፤ በጣታቸው ጫፍ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «ገና አልነቃም» ይላሉ። ትንሽ ይቆዩና፣ «አሁን ነቃ።» ከሠርግ በፊት አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ፣ አበባ የሚደረድሩትን ሳይቀር ዝም ያሰኛሉ። «ቤቱ መጀመሪያ ይናገር።» ያኔ የማቀዝቀዣው ማጉረምረም፣ የመብራቱ ጢዝታ፣ ከወጥ ቤት የሚመጣው የሳህን ድምፅ ይሰማል። የቱ ላይ ድምፅ እንደምጨምር፣ የቱ ላይ እንደምቀንስ የማውቀው ከዚያ ነው። አንዳንድ ሙሽራ ለራሷ የምታስቀምጠው ቅጂ ታዛለች። ያኔ ያንን ባዶ ዝምታ ለብቻው እንድቀዳ ያዙኛል፤ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስንቀዳ አንድ ማይክሮፎን ብቻ ነው። ዜማውን የምትመራው አውጪዋ ቅርብ ትቆማለች፤ ተቀባዮቹ ከኋላዋ በግማሽ ክብ። ድምፀ ወፍራሟ ትርቃለች፣ ቀጭኗ ትቀርባለች። ለእያንዳንዷ ማይክሮፎን እናድርግ ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ፣ «ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ይደማመጡ እንጂ፤ አንቺ ኋላ ልታስማሚያቸው ነው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከመጀመራቸው በፊት አውጪዋን ዐይኗን እያዩ «አማና?» ይሏታል። ድምፅሽን አምነሽ ሰጠሽኝ ወይ ማለታቸው ነው። «አማና» ስትላቸው ብቻ ይጀምራሉ።

አንድ ጊዜ የአንዲት ሙሽራ ወንድም ቅጂውን በሹፌር አስጠየቀ። ኻላ፣ «ከእሷ ይቀበል፤ የእኔ አይደለም» ብለው መለሱት። ሰውዬው ተቆጥቶ የሚቀጥለውን የቤተሰቡን ሠርግ ለሌላ ሰጠ። ወደ መካ ስንመለስ ኻላ መንገዱን ሙሉ ስለ ቲማቲም መወደድ አወሩ።

ሰዓዳን ወደ ኻላ ያመጣኋት እኔ ነኝ። የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ነው፤ ማዳሟ ስትፈቅድ ሐሙስ ማታም ትመጣ ነበር። ራሷ የሠራችው አንድ ዜማ ነበራት። እናት ናት የምትጣራው፤

ጀንበር አዘቀዘቀ፣ ጥጃው ገባ ከቤት፤
ስምሽን ብጠራ ማን ይበለኝ አቤት?

ተቀባዮቹ፣ «አቤት እናቴ፣ አቤት!» ይላሉ። እንደገና ትጣራለች፤ እንደገና አቤት ይላሉ። ሌላ ነገር የለውም። ሐበሻ ሠርግ ላይ ስታዜመው ግን የምግብ አሳላፊዎቹ ሳይቀሩ ከያሉበት አቤት ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት አገራችን ለአንድ ዓለም አቀፍ የዘፈን ውድድር አንድ ዜማ ልትልክ ነው ተባለ። አገር ቤት ያለ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከየክፍለ አገሩና ሰዋችን ካለበት አገር ሁሉ አንድ አንድ ዜማ አሰምቶ በዳኞች ያስመርጣል። የተመረጠው ዘፋኝ አገር ቤት ተጠርቶ ይዘጋጃል። ከሳዑዲ የሚላከውን ለመምረጥ ከተቀመጡት የማኅበረሰቡ ሰዎች መካከል ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ሰዓዳን በሠርግ ሰምተዋታል። ሌላ አልፈለጉም። ቅጂውን ላኩ አሉን።

ሰዓዳ ይህን ለማዳሟ ስትነግራት ማዳሟ ሳቀችና፣ «ከተመረጥሽ ኢጃዛ እሰጥሻለሁ፣ አርፈሽ አገርሽ ትሄጃለሽ፤ ካልተመረጥሽ ውልሽን ትጨርሻለሽ» አለቻት። ሰዓዳ እናቷን ካየች ዓመታት አልፈዋል። የእናቷ ዐይን እየደከመ ነበር። በስልክ ምስል ስታያት፣ «ጠጋ በይ፣ ጠጋ በይ» ማለት ጀምራለች። «ሁለት ረመዳን ከቆየሁ መልኬን አታየውም» ትለኝ ነበር። ዘፋኝ መባል አላጓጓትም። እናቷ ሳትታወር መድረስ ነበር የፈለገችው።

ለዚህ ቅጂ ሰዓዳንና ስድስት ተቀባዮችን፣ ሰባት ሴቶችን በአንድ ቀን ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዷ ዓርብ ታርፋለች፣ አንዷ አታርፍም፤ አንዷን ከፊሏ፣ አሠሪዋ፣ ጣይፍ ከተማ ይዟት ይሄዳል። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መንሱር ኻላ ቤት ተሰበሰብን። ግድግዳው ላይ ፍራሽ አቆምን። ማቀዝቀዣውን አጠፋሁት።

«ሙሀንዲሳ፣ ልትቀጂን ነው ልትቀቅይን?» አለች ከድጃ የምትባለዋ ቀልደኛ፣ ላቧን በሻርፗ እየጠረገች።

«ዝም በይ፤ ቤቱ ይናገር» አሉ ኻላ። ዝምታውን ቀዳሁ። ከዚያ ሰዓዳን፣ «አማና?» አሏት።

«አማና።»

የቀዳነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲያልቅ ማቀዝቀዣውን መልሼ ከፈትኩት። ከድጃ ሮጣ ሥሩ ቆመች።

ቅጂው ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ኑሪያ መጣች። ኑሪያ ከስድስቱ ተቀባዮች አንዷ ናት፤ ኩዳይ ውስጥ ሐጃጆች በሚያርፉበት ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ጫማዋን አውልቃ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ግቢ ብንላትም አልገባችም።

«ኻላ፣ እንዳይቆጡኝ። እኔ ስቀበል ለሴት ብቻ መስሎኝ ነው፤ እንደ አዳራሹ። ቴሌቪዥን ሲሆን ወንዱም ይሰማዋል። ልቤ አልፈቀደም። ስንት ቀን ሞከርኩት፤ እምቢ አለኝ።»

ኻላ ከበሮ እየወለወሉ ነበር። አስቀመጡት። «ጠይቄሽ ነበር?»

«አልጠየቁኝም።»

«ሰዓዳን ጠየቅኩ። ተቀባይን እንደ አንድ አፍ ቆጠርኩ።» የመወልወያውን ጨርቅ አጣጠፉ። «ዕድሜዬን ሙሉ በር ዘግቼ ስለሠራሁ፣ ያኔም በሩ የተዘጋ መሰለኝ።»

እኔም ማይክሮፎኑን ስተክል ያሰብኩት እንዲሁ ነው። ተቀባዮች አንድ ድምፅ ናቸው። በእኛ ሥራ ጥሩ ተቀባይ የምትባለው ለብቻዋ የማትሰማው ናት።

ኦብሑር ደወልን፤ ሰዓዳ ከወጥ ቤት ሆና አነሳች። ኻላ ነገሩን ነገሯት። ለረጅም ጊዜ የሚፈስ ውሃ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ኑሪያ፣ አለሽ?» አለች በመጨረሻ። «ወላሂ ከስድስት አንዷ ነሽ። ማን ያውቅሻል?»

«እሷ ታውቃለች» አሉ ኻላ።

«የእናቴን ነገር ታውቂያለሽ፣ ኑሪያ።»

«አውቃለሁ» አለች ኑሪያ እያለቀሰች። «አትላኪው አላልኩም። እኔን አውጡኝ ነው ያልኩት።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ሙሀንዲሳ፣ ትወጣለች?» አሉኝ ኻላ።

እንዲህ ዓይነት መልስ መስጠት ከባድ ነው። «አትወጣም፣ ኻላ። በአንድ ማይክ ነው። እሷን ለማውጣት ስድስቱንም ማውጣት አለብኝ። ሌላ ቀን እንዳንቀዳ ደግሞ ሁለቱ ጣይፍ ናቸው፤ ቀኑም ነገ ነው።»

«ታዲያ እኔ ማን ይበለኝ አቤት ብዬ ስጠይቅ ማን ሊመልስልኝ ነው? ፍራሹ?» አለች ሰዓዳ። ስቃ ነው የተናገረችው፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። ውሃውን ዘጋችው። «ያለ እነሱ ላኪው። ከሚቀር ይሻላል። ያላ፣ ማዳም እየጠራችኝ ነው።»

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ቆረጥኩት። የሰዓዳን ጥሪ አስቀርቼ አቤት የሚለውን ሁሉ አወጣሁ። የወጣበትን ቦታ ባዶ ብተወው መሣሪያ የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ ያን ዓርብ ሴቶቹ ሁሉ ዝም ብለው ሳሉ የቀዳሁትን የቤቱን ዝምታ አስገባሁበት። መልሱ የሚወስደውን ጊዜ ያህል አስረዘምኩት፤ ማሳጠር አልቻልኩም። ያስቸገረኝ አንድ ቦታ ነው። የሰዓዳ ድምፅ ሳይጨርስ የአንዷ ተቀባይ «አ» ከስሩ ይነሳል። የኑሪያ ይሁን የሌላ አላውቅም። ለማውጣት የሰዓዳን የመጨረሻ ትንፋሽ አብሬ መቁረጥ ነበረብኝ። ቆረጥኩት። ኻላ ሲሰሙት ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ንጹሕ ነው» አሉ። ጥሩ ነው ግን አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ዜማዎቹ የተላለፉት አንድ ዓርብ ከመግሪብ በኋላ ነው። ኻላ ቤት ምንጣፉ ሞላ። ሰዓዳ ከኦብሑር መጥታለች፤ ከድጃ ለውዝ ታድላለች፤ ኑሪያ መጨረሻ ላይ ገብታ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። አንዳንዶቹ አኩርፈዋት ነበር። ከድጃ፣ «ነይ እዚህ፣ ያንቺን ድርሻ ለውዝ እየበላሁልሽ ነው» ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

የሰዓዳ ተራ ሲደርስ የሳዑዲ ካርታ ታየ፤ ስሟ ተጻፈ። ድምፅዋ መጣ። ማን ይበለኝ አቤት ብላ ጠየቀች። ከዚያ ያ ዝምታ።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ማን እንደጀመረው አላየሁም። አንድ ሰው ቀስ ብሎ «አቤት እናቴ» አለ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። ቴሌቪዥኑ ጠራ፤ ምንጣፉ ላይ ያሉት መለሱ። ዝምታው ልክ መልሱን ያህል ነበረና አልፈው አልሄዱም፣ አልቀደሙም። ቀና ስል ኑሪያም ትላለች፤ አፏን በመዳፏ ሸፍና። ሰዓዳ አልመለሰችም። የራሷን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ትሰማ ነበር።

ከዳኞቹ አንዱ፣ «ድምፅዋ ልብ ይነካል። ግን ቅጂው የተቆራረጠ ነው፤ ያላለቀ ሥራ ይመስላል» አለ። ሌላዋ፣ «ምን እንደምጠብቅ አላወቅኩም» አለች። ውሸት አልተናገሩም። እነሱ የሰሙት ያንን ነው። የተመረጠው የአንድ የአገር ቤት ወጣት ዘፈን ሆነ።

«ጥሩ ዘፈን ነው» አለች ሰዓዳ። «ወላሂ፣ ጥሩ ነው።» ከዚያ ዓባያዋን ፈለገች። ማዳሟ የላከችው ሹፌር ከታች ጥሩንባ እየነፋ ነበር። በሩ ላይ ደርሳ ኑሪያን ተመለከተቻት። ኑሪያ ተነሳች። ሰዓዳ ትከሻዋን ይዛ ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻትና፣ «ነገ ምንጣፍ አጠባ አለብኝ። ዱዓ አድርጊልኝ» ብላት ወረደች። ኻላ ከበሯቸውን ጨርቅ አልብሰው ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፈጅር ተሰግዶ ሰማዩ ሲገለጥ፣ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ያልተቆረጠው ቅጂ፣ የሰባቱም ድምፅ ያለበት፣ እኔ ጋ ነበር። ነገሩ እንዳለቀ ላጠፋው ለኑሪያ ቃል ሰጥቻታለሁ። ሳልጀምር በሩ ተንኳኳ። ራሷ ናት፤ ወደ ሥራዋ እየሄደች፣ የሆቴሉን ልብስ ለብሳ።

«አጠፋሽው?»

«አሁን ነው።»

ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንዴ አሰሚኝ» አለች። «ድምፄን ሰምቼው አላውቅም።»

የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለራሴ አደረግኩ። ሰዓዳ ጠራች፤ ስድስቱ መለሱ። ኑሪያ ዐይኗን የኮምፒዩተሩ ማያ ላይ ተክላ፣ «የቷ ነኝ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ቀኑን ሙሉ ስቆርጠው የዋልኩ ሰው አላወቅኩም። አላውቅም አልኳት። እስኪያልቅ ድምፅዋን ፈለገች። አንዴ «ይቺ!» አለች፤ ወዲያው ደግሞ፣ «አይ፣ ከድጃ ናት» አለች። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው።

«ደግመሽ መስማት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ፈለገች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እኔም ፈልጌ ነበር። «አይ፣ ኻላስ፣ ይበቃኛል» አለች። «አጥፊው።»

አጠፋሁት፤ ኮምፒዩተሩ የተጣለ ከሚያጠራቅምበት ቅርጫትም አጠፋሁት፤ ሌላ ቦታ እንደሌለ እያሳየኋት። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ዘጋሁና፣ ኻላ ሳይነቁ ፉልና ትኩስ ዳቦ ልንገዛ ተያይዘን ደረጃውን ወረድን።